ቻር ባግ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። አንዲት እናት ገብተው «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» ይላሉ። ተከትለው የገቡት ሽማግሌ ደግሞ «አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው» ይላሉ። ድንኳኑ አንድ ነው፣ የሚቀርበው ቡናም አንድ ነው። ልብ ብለነው ከሆነ፣ ገነትም ጀነትም ሲፈቱ «የአትክልት ቦታ» ማለት ናቸው። ሁላችንም ለሟች የምንመኝለት ጥላና ውሃ ያለበት ግቢ ነው።

ህንድን የገዙት ሙስሊም የሙጋል ነገሥታት ይህንኑ ምርቃት መሬት አስቆፍረው ሠሩት። ስሙ ቻር ባግ ይባላል። ቃሉ የፋርስ ነው፤ ቻር አራት፣ ባግ አትክልት ቦታ። በግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ በመንገድና በውሃ ቦይ በመስቀለኛ ይከፈልና አራት መደብ ይሆናል።

ድፎ ዳቦ በመስቀለኛ ሲቆረስ ያስቡ። ቢላዋው የሄደበት መስመር ቦዩ ነው። አራቱ ቁራሽ መደቦቹ ናቸው። ግቢው መካነ መቃብር ሲሆን፣ መስመሮቹ የተገናኙበት እምብርት ላይ ብዙ ጊዜ ንጉሡ ይቀበራል። (ድፎው ክብ፣ ግቢው ማዕዘን መሆኑን ይለፉልኝ።)

ለምን አራት? ቁርኣን በሙሐመድ ሱራ የጀነትን ወንዞች ሲዘረዝር ውሃ፣ ወተት፣ የወይን ጠጅና ማር ይላል። ኦሪት ዘፍጥረትም ከኤደን የወጣው ወንዝ በአራት ተከፈለ ይላል፤ ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ። ግዮን ደግሞ እኛ ዘንድ ዓባይ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ለወሎ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። ፋርሶች ግን ከእስልምናም በፊት እንዲህ ያለ አትክልት ይተክሉ ነበር። ወደ ህንድ ያመጣው የመጀመሪያው የሙጋል ንጉሥ ባቡር ነው።

ትልቁ ምሳሌ ዴልሂ ያለው የባቡር ልጅ የሁማዩን መካነ መቃብር ነው። ሁማዩን በ1556 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከቤተ መጻሕፍቱ ሲወርድ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ያሠራችው ባለቤቱ ቤጋ ቤጉም ናት፤ ንድፉን ያወጣው ሚራክ ሚርዛ ጊያስ የሚባል ሰው ነው። ቀይ ድንጋይና ነጭ እብነ በረድ ያለበት ሕንፃ መሃል ላይ ቆሞ፣ ዙሪያው ያሉት አራት መደቦች እንደገና ተከፋፍለው 36 ካሬ ይሆናሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ውሃው ነው። ቦዮቹ ሲታደሱ ተዳፋታቸው በየ40 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠሩት። ውሃው ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል፣ ግን ይሄዳል። ደሴ ላይ ይህን ለማሰብ ይከብዳል። እኛ ጋ ሐምሌ ላይ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጎርፍ ቀስ በል ቢሉት የሚሰማ አይደለም፤ ቦርከና ወንዝ እስኪደርስ ይሮጣል።

ቦይ ካልተጠረገ ይደፈናል። የሙጋል መንግሥት ሲዳከም ሰው ግቢው ውስጥ ሰፍሮ ጓሮ አትክልት ዘራበት። በእንግሊዞች ላይ በተነሣው የ1857 አመፅ የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር እዚያው ተሸሽጎ ተያዘ። እንግሊዞች ደግሞ ማዕዘኑን ገንዳ ደፍነው በክብ የአበባ መደብ ለወጡት፤ ይህን እኔ ጭካኔ ነው የምለው። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የስደተኛ መጠለያ ሆነ። ዩኔስኮ በ1993 መዘገበው፤ ቦዮቹ እንደገና ውሃ ያገኙት በ2003 እድሳቱ ሲያልቅ ነው።

ታጅ ማሃልን በፎቶ ያየ ሰው «እሱስ?» ይለኛል። እሱም ቻር ባግ አለው፤ ከፊቱ የምናየው ረጅም ገንዳ አንዱ መስመር ነው። መቃብሩ ግን እምብርቱ ላይ ሳይሆን ጫፍ ላይ፣ ያሙና ወንዝ ዳር ነው። ማዶ መህታብ ባግ የሚባል ሌላ አትክልት ቦታ ስላለ፣ መሃለኛውን ቦይ ወንዙ ራሱ እንዲሆን አስበው ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ።