ሳነቴ፦ በረዶ የለቀቀው አምባ

የአፍሪካ የበረዶ ግግር ሲነሳ ሰው ሁሉ ኪሊማንጃሮን ይጠራል። ባሌ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው። ሳነቴም ግን በዘመኑ በረዶ ለብሶ ነበር።

ሳነቴ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። አናቱ ላይ ያለው ቱሉ ድምቱ (በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ») 4,377 ሜትር ነው። ከአገራችን ሁለተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ሰሜን ተራሮች ላይ የሚበልጡት ስላሉ ባንከራከር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ግግሩ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኖ ነበር። ዕድሜው የታወቀው በረዶው ገፍቶ ከጣላቸው ቋጥኞች ነው። ቋጥኝ ከበረዶ ተላቆ ሰማይ ሲያየው፣ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ክሎሪን 36 የሚባል ነገር ያጠራቅምበታል። እሱ ይለካል። የሚገርመው፣ የባሌ በረዶ ማፈግፈግ የጀመረው የዓለም ቅዝቃዜ ጣራ ሳይነካ ነው።

ከግግሩ ክልል ውጭ ደግሞ ድንጋዮች እንደ ትልም ተሰልፈው ይታያሉ። አንዳንዱ ትልም 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 15 ሜትር ይደርሳል። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው ግን መሬቱ ነው፤ ሲቀዘቅዝ እያበጠ፣ ሲሞቅ እየሟሸሸ። ምድር ወገብ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ያኔ ሰውም ነበር። ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የድንጋይ ጥላ ሥር፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደዋል። ባልጩታቸውን የሚያመጡት ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከግግሩ አፋፍ ነበር። ምግባቸው በአብዛኛው ፍልፈል ነው፣ ያውም ጠብሰው! ይህ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም። ዛሬ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው፤ በዓለም ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩም እዚሁ ባሌ ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዘገየ እንጂ የሚገባው ነው።

ዛሬ ቋሚ በረዶ የለም። በበጋ ሌሊት ግን ውርጩ አይጣል ነው። ጠዋት ኩሬው ዳር ስስ በረዶ ይጋገራል፣ ሲረግጡት ቀጭ ይላል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ተመልሶ ውሃ ነው።