ደጉ ጀግና በቴሌቪዥን ኮሜዲ

ደግ ሰው ምኑ ያስቃል? ቀና አሳቢና ተስፋ የማይቆርጥ ዋና ገፀ ባህሪ ይዘው የሚነሱ የኮሜዲ ጸሐፊዎች መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ ይህ ነው። ሳቅ እኮ በቀላሉ የሚገኘው ከጉረኛው፣ ከስስታሙና ከውሸታሙ ነው።

ዘውጉ አዲስ አይደለም። ከ1970 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የታየው የሜሪ ታይለር ሙር ሾው ጥሩ ሰው መሃል ላይ ተቀምጦም እንደሚያስቅ አሳይቷል። በ1990ዎቹ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የኮሜዲ ተከታታዩ የሳይንፌልድ ጸሐፊዎች መመሪያ መተቃቀፍም መማርም የለም የሚል ነበር። በ2009 የጀመረው ፓርክስ ኤንድ ሪክሪኤሽን መጀመሪያ ላይ ዋና ገፀ ባህሪዋን ሌዝሊ ኖፕን ትንሽ ጅል አስመስሏት ነበር፤ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ባልደረቦቿ ሲያከብሯት ነው ተከታታዩ እግር ያወጣው።

ከሁሉም የጎላው ቴድ ላሶ የተሰኘው ተከታታይ ነው። መነሻው ማስታወቂያ ነው፤ የአሜሪካው የስፖርት ማሰራጫ ኤንቢሲ ስፖርትስ በ2013 የፕሪምየር ሊግ ስርጭቱን ለማስተዋወቅ ተዋናዩን ጄሰን ሱዴይኪስን እግር ኳስ የማያውቅ አሜሪካዊ አሰልጣኝ አድርጎ አቀረበው። ያ ሰውዬ ጯሂና ደረቅ ነበር። በኦገስት 2020 በአፕል ቲቪ ፕላስ ሲመለስ ግን ሆደ ሰፊ ሆኖ መጣ። የክለቡ ባለቤት ርብቃ የቀጠረችው የቀድሞ ባሏ የሚወደውን ክለብ እንዲያጠፋላት ነው፣ እሱ ግን በየጠዋቱ ራሱ የጋገረውን ብስኩት በትንሽ ሮዝ ሳጥን ይዞላት ይገባል።

ደግነቱ ሞኝነት አለመሆኑ የሚለየው በመጀመሪያው ሲዝን 8ኛ ክፍል ነው። የቀድሞው ባል ሩፐርት ዳርት (ትንንሽ ቀስቶችን ወደ ክብ ሰሌዳ የመወርወር ጨዋታ) እንጫወት ብሎ ያስይዘውና የራሱን ዳርቶች ከኪሱ ያወጣል። ቴድ ግራኝ መሆኔን ረስቼ ነበር ብሎ እጅ ይቀይራል። መጨረሻ ላይ 170 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ጊዜ ትሪፕል 20 (እያንዳንዱ 60) እና አንድ ቡልሳይ (የሰሌዳው መሃል፣ 50) ማለት ነው። እየወረወረ ያወራል። በልጅነቱ እሁድ እሁድ ከአባቱ ጋር ይጫወት ነበር፤ ሩፐርት አንድ ጥያቄ ቢጠይቀው ኖሮ ይህን ያውቅ ነበር። ቡልሳዩን መታው። (እግረ መንገዱን የገጣሚው የዋልት ዊትማን ነው ብሎ የጠቀሰው «ፈራጅ ሳይሆን ጠያቂ ሁን» የሚለው አባባል የዊትማን ለመሆኑ ማስረጃ የለም፤ ለትዕይንቱ ግን ምንም አያጎድልበትም።)

ደግነቱ ዋጋም ያስከፍላል። ቴድ ራሱ በድንጋጤ ስሜት ይጠቃል፣ አባቱ ራሱን እንዳጠፋ በሁለተኛው ሲዝን ይገለጣል። ከትጥቅ ያዥነት አንስቶ ረዳት አሰልጣኝ ያደረገው ኔትም ይከዳዋል።

ተከታታዩ በ2021 ለ20 ኤሚ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት) ታጭቶ 7 ወሰደ። ስኬቱ የኮቪድ ዘመን ስጦታ ነው የሚሉ አሉ። ይሆናል፣ ግን ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላም በ2022 ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ ዳግም ተሸልሟል። ሦስተኛው ሲዝን ተንዛዝቷል ይባላል፤ ክፍሎቹ መርዘማቸው እውነት ነው፣ ሌላው የጣዕም ጉዳይ ነው።

በ2021 የተጀመረው አቦት ኤለመንተሪ መንገዱን ቀጥሏል። አስተማሪዋ ጃኒን ብልጭ ድርግም የሚል የኮሪደር አምፖል ካላስተካከልኩ ብላ ትነሳለች፣ የትምህርት ቤቱን መብራት የባሰ ታበላሸዋለች።