የጎደጎደ ደረት ቀዶ ሕክምና፦ ለጅማና አካባቢው ወጣቶች

የጎደጎደ ደረት የሚባለው የደረት አጥንትና ከእሱ ጋር የሚያያዙት የጎድን አጥንቶች ልም አጥንት ወደ ውስጥ ሲሰረጉዱ ነው። ከ300 እስከ 400 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። ጉድጓዱ የሚጠልቀው በጉርምስና ቁመት ሲመዘዝ ስለሆነ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ወጣት ሲመጣ አስቀድሞ መለየት ያለባቸው የአከርካሪ ቲቢና በልጅነት ያለፈ የሪኬትስ በሽታ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት) ናቸው፤ ሁለቱም ደረትን ያጣምማሉ፣ ሕክምናቸው ግን ሌላ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ጣተ ረዣዥም ከሆነ ማርፋን የሚባል፣ አካልን የሚያያይዘውን ሕብረ ሕዋስ የሚያላላ የዘር በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ መታለፍ የለበትም።

የጉድጓዱ ልክ በሲቲ ስካን ይሰላል፦ የደረቱ የውስጥ ወርድ ከደረት አጥንት ጀርባ እስከ አከርካሪው ፊት ላለው ርቀት ይካፈላል። ወርዱ 24፣ ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 4 ይመጣል። ጤናማው 2.5 ገደማ ነው፤ ከ3.25 በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ መጨቆን መኖሩ ይመዘናል።

እ.ኤ.አ. በ1949 የቀዶ ሐኪሙ ማርክ ራቪች ያሳተመው ዘዴ ደረቱን ከፊት ከፍቶ የተጣመመውን ልም አጥንት ያወጣል። ሌላው የቀዶ ሐኪም ዶናልድ ነስ በ1987 የጀመረው ግን በሁለቱ ጎኖች በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል። በካሜራ እየታየ ከደረት አጥንቱ ጀርባ፣ ከልቡ ፊት መተላለፊያ ይከፈታል፤ በደረቱ ልክ የታጠፈው ብረት ጎባጣ ጎኑን ወደ ኋላ አድርጎ ይገባና 180 ዲግሪ ሲገለበጥ ደረቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚያ ከጎድን ጋር ይታሰራል። የወጣት ደረት ከልጅ ደረት ስለሚጠጥር ሁለት ብረት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሕመሙም ይበረታል።

የተለመደው ብረት ኒኬል የሚባል ማዕድን አለበት፤ የቀበቶ ዘለበት ወይም የጆሮ ጌጥ የሚያሳክከው ሰው ኒኬል ላይስማማው ስለሚችል አስቀድሞ ይናገር፤ ከታይታኒየም ይሠራለታል።

የሚያሳስበው የብረቱ መንሸራተት ነው። በደንብ ካልታሰረ፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወገብን ማጠማዘዝና ሸክም ካለ ይከሰታል። የቡና ጆንያ መሸከምና ሞተር ሳይክል መንዳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይታሰቡም። ደረቱ በድንገት ተመልሶ ከጎደጎደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ትኩሳትና ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምናው 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ከተሠራ፣ ብረቱን የሚገልጽ ወረቀት ጅማ ላለው ሐኪም መድረስ አለበት፤ ልቡ ቢቆም ደረቱን መጫን ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃልና።

ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ቆይቶ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቀጠሮው ተረስቶ ብዙ ከቆየ አጥንት ያለብሰዋል፤ ማውጣቱም ይከብዳል።