ዘጠኙ ጥቋቁር ቁልፎች፦ የቦዘንዶርፈር «ኢምፔሪያል» ምንድን ነው?

ፒያኖ ስንት ቁልፍ አለው ቢባል መልሱ 88 ነው፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። በቪየናው ፒያኖ ሠሪ ፋብሪካ፣ በቦዘንዶርፈር ትልቁ ፒያኖ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን በግራው ጫፍ ዘጠኝ ትርፍ ቁልፎች ያያል፤ ነጭ መሆን የነበረባቸው ሳይቀሩ ሁሉም ጥቁር ናቸው። በድምሩ 97 ቁልፍ፣ ሙሉ ስምንት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከአንድ ድምፅ እስከ ተመሳሳዩ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ርቀት ነው)፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ90። ኢምፔሪያል የሚባለው ይህ ነው።

ነገሩን ያመጣው ጣሊያናዊው ፒያኒስት ፌሩቾ ቡዞኒ ነው። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባክን የኦርጋን ሥራዎች ለፒያኖ ሲያዘጋጅ፣ የኦርጋኑ ረጃጅም ቧንቧዎች የሚያወጡት ወፍራም ድምፅ ከፒያኖው የመጨረሻ ቁልፍ በታች ወረደበት። ፋብሪካውም ጨመረለት። ጥቁር መቀባታቸው ለጌጥ አይደለም፤ ተጫዋቹ የለመደው ጫፍ የት እንደሚያበቃ እንዲለይና እጁ እንዳይስት ነው።

እነዚህን ቁልፎች የሚጠይቅ ሙዚቃ በጣም ጥቂት ነው። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ፔዳሉ ሲረገጥ ማፈኛዎቹ ከክሮቹ ላይ ይነሳሉ፤ ሌሎቹ ክሮች ሲመቱ እነዚህ ሳይነኩ አብረው ይርገበገባሉ። ለእነሱ ሲባል የሰፋው የድምፅ ሰሌዳም (የክሮቹን ድምፅ የሚያጎላው ጣውላ) ለፒያኖው ሁሉ ይተርፋል። የመጨረሻዋ ክር በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለምትርገበገብ መሠረታዊ ድምጿን ጆሯችን እምብዛም አይለየውም፤ የሚሰማን ከእሷ ጋር የሚወለዱት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። (ከበገና አሥር አውታሮችም የማይደረደሩ አሉ፤ እነሱ ግን ለጣት ማረፊያ ናቸው።)

ኢግናዝ ቦዘንዶርፈር የመምህሩን የዮሴፍ ብሮድማንን ወርክሾፕ የተረከበው በ1828 ሲሆን፣ በ1830 የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የቤተ መንግሥት ፒያኖ ሠሪነት ማዕረግ ሰጠው። ማዕረግ ግን ወረቀት ነው። ስሙን በከተማው ያስጠራው፣ ሲጫወት ፒያኖ ይሰብር የነበረው ፒያኒስት ፍራንዝ ሊስት ነው ይባላል፤ የቦዘንዶርፈሩ ፒያኖ ዱላውን ችሎ ቆመለት።

ከ2008 ጀምሮ የፋብሪካው ባለቤት የጃፓኑ ያማሃ ነው። ሥራው ግን ከኦስትሪያ አልወጣም፤ ዛሬም በቪነር ኖይሽታት፣ ሌሎች ለድምፅ ሰሌዳው ብቻ የሚቆጥቡትን ስፕሩስ የተባለ እንጨት ለአካሉ ጭምር ያውሉታል፤ ሣጥኑም እንደ ቫዮሊን አብሮ እንዲያስተጋባ።