«ጂፒኤስ አሳሳተኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ካርታ፣ ስለ ስልክና ስለ መጥፋት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ስንኖር የእረፍት ቀን ሲመጣ መኪና ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። አንዱ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ይሄዳል፣ አንዱ ይርጋለም፣ ጨከን ያለው ደግሞ ዲላን አልፎ ይርጋጨፌ። ችኮላ የለም። ደስ ያለ ቦታ ይቆማል፣ ቡና ይጠጣል። ታዲያ መኪና ውስጥ አንድ ክርክር አይጠፋም። ከኋላ የተቀመጠው «ጂፒኤሱን ተከተል» ይላል፣ ሹፌሩ «ተወው ባክህ፣ ባለፈው ጉድ ሰርቶኛል» ይላል፣ አባት ካሉ ደግሞ «እኛ በወረቀት ካርታ አገር አዳርሰናል» ይላሉ። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው፤ ግን አብዛኛው ክርክር ከስህተት ነው የሚነሳው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልጻፍ።

«ኔትወርክ በሌለበት ጂፒኤስ አይሰራም»

በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው፣ ልክ ግን አይደለም። ስልካችሁ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከቴሌ ማማ ሳይሆን ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት አቶሚክ ሰዓት የሚባል እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዟል፤ «ሰዓቱ ይሄ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ» እያለ ሳያቋርጥ ምልክት ይልካል። ስልኩ ምልክቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይቀይራል። 4 ሳተላይት ካገኘ በቃው። ሲም ባይኖረው እንኳን ይሰራል።

ታዲያ ገጠር ስንገባ ስክሪኑ ለምን ባዶ ይሆናል? ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሰማያዊዋ ነጥብ አለች፣ ዙሪያዋ ነው ባዶ የሆነው። የጠፋው ካርታው ነው። ካርታው የሚመጣው በዳታ ስለሆነ ዳታ ሲቋረጥ አይመጣም። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ በዋይፋይ ዳውንሎድ አድርጉት። ጎግል ማፕስ አካባቢ መርጣችሁ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ደግሞ መጀመሪያውኑ ያለ ኢንተርኔት እንዲሰራ የተሠራ ነው። ካላመናችሁ ካርታውን አውርዱና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከፍቅር ሐይቅ እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ንዱ። ነጥቧ አብራችሁ ትሄዳለች። ዳታ ከሌለ ግን መጀመሪያ ላይ ቦታችሁን ለማግኘት ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን መረጃ ስልኩ ሌላ ጊዜ በኢንተርኔት ቶሎ ያገኘው ነበር። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆም በሉና ጠብቁት።

«ሳተላይቱ ያየናል»

አያየንም። የጂፒኤስ ሳተላይት ይልካል እንጂ ከስልካችሁ ምንም አይቀበልም፣ ልክ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ። የሄዳችሁበትን የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት አፕ ነው። የሚያሳስባችሁ ከሆነ እዚያ ነው የሚዘጋው።

«ጂፒኤስ አሳሳተኝ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሁሉም ነገር ቁልፍ ይሄ ስለሆነ። ጂፒኤስ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁን የት እንዳላችሁ። ሰማይ ክፍት ከሆነ የስልክ ጂፒኤስ የሚስተው በጥቂት ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት ይሁን ኮረኮንች፣ ድልድዩ ይኑር አይኑር፣ የከተማው ስም ምን ይሁን፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ካርታው ነው። ካርታውን ደግሞ የሠራው ሰው ነው። ስልክ ውስጥ ቢሆንም ካርታ ካርታ ነው፤ ያረጃል፣ ይሳሳታል።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ጓደኛ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነበር። «ወንዶ እንገናኝ» አልነው። እኛ ያልነው ወንዶ ገነትን ነው። እሱ «ወንዶ» ብሎ ጻፈና ከመጡለት አንዱን ነካ። ሻሸመኔን አለፈ፣ ሀዋሳን አለፈ፣ አፖስቶ መገንጠያን አለፈ። ሲደውል «ደርሻለሁ፣ ፍል ውሃው የታለ?» ይላል። አለታ ወንዶ ነው ያለው! ወንዶ ገነት ከሀዋሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ አለታ ወንዶ ወደ ደቡብ። ሳተላይቶቹ አንድ ሜትር አልበደሉትም። አንድ ትልቅ ካርታ ዘርግቶ ቢያይ ግን በአንድ አፍታ «ይሄማ ሀዋሳን ያሳልፈኛል» ይል ነበር። የስልክ ስክሪን ቀጣዩን መታጠፊያ ያሳያችኋል፣ አገሩን ግን አያሳያችሁም። ሶዶ የሚባለውም እንደዚያው ነው፦ የወላይታው አለ፣ የጉራጌው አለ። ስትጽፉ ሙሉ ስሙን ጻፉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ካርታውን አሳንሳችሁ መንገዱ ወደየት እንደሚሄድ እዩ።

«የወረቀት ካርታ ጊዜው አልፎበታል»

ያረጀው ስሙና መንገዱ ነው። የድሮ ካርታ ላይ አዳማን ብትፈልጉ ናዝሬትን ነው የምታገኙት። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነው፣ ባቱ ዝዋይ፣ ቡሌ ሆራ ሀገረ ማርያም። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድም አይኖርም። ተራራውና ወንዙ ግን የትም አልሄዱም።

ሰው ወረቀት የሚጠላው ብዙ ጊዜ የማይሆነውን መጠን ስለያዘ ነው። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ካሳተማቸው ውስጥ 1፡50,000 የሚባለው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 500 ሜትር ነው። ለእግረኛ ግሩም ነው፣ ዳገት ቁልቁለቱን በመስመር ታዩታላችሁ። ለመኪና ግን አይመችም፤ አንዱ ቅጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዲላ ለመድረስ ሦስት አራት ቅጠል መቀያየር ነው። ለመንገድ 1፡2,000,000 ይሻላል። እሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የአንድ ስክሪብቶ ርዝመት ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ልጆቹን ሰብስባችሁ «የት እንሂድ?» ለመባባል ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

«ጂፒኤስ አእምሮ ያደነዝዛል» የሚሉም አሉ። የተጋነነ ነው፣ ባዶ ወሬ ግን አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ሰዎች በፊልም በተቀረጸ የለንደን ሰፈር መንገድ ሲፈልጉ አእምሯቸውን አይተው ነበር። ራሳቸው ሲፈልጉ ለቦታ ትውስታ የሚያገለግለው ክፍል አዲስ መንገድ ላይ ሲደርሱ ይነቃል፤ የሚነገራቸውን ሲከተሉ አይነቃም። መደንዘዝ ማለት አይደለም፣ በዚያች ሰዓት አለመሥራት ነው። አንድ ጊዜ በስልክ የሄዳችሁበትን ሁለተኛ ጊዜ ያለ ስልክ ሂዱት።

«ስልኩ 40 ደቂቃ ካለ 40 ደቂቃ ነው»

ትራፊኩ የሚገመተው መንገዱ ላይ ካሉ ስልኮች ፍጥነት ነው። ብዙ ስልክ በማይንቀሳቀስበት የገጠር መንገድ ግምቱ ግምት ብቻ ይሆናል። የገበያ ቀን መሆኑን፣ ከብት እየተሻገረ መሆኑን፣ ሻሸመኔ መሀል ባጃጅና ጋሪ መንገዱን መሙላቱን አያውቅም። እኔ ከአስፋልት ከወጣሁ እጥፍ አድርጌ ነው የማስበው። በክረምት «አጭር መንገድ» ብሎ ወደ ጭቃ ከመራችሁ ደግሞ እንቢ በሉት።

«የገጠር ሰው ርቀት አያውቅም»

ይሄ ያናድደኛል። ያውቃል፤ የሚለካው ግን በእግር ነው። «ቅርብ ነው» ብሎ ከነገራችሁ የአንድ ሰዓት እርምጃ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። በመስኮት ብቅ ብላችሁ «ይሄ መንገድ ይርጋለም ያስገባል?» ካላችሁ እንግዳ ላለማስከፋት «አዎ» የሚል አይጠፋም። ወርዳችሁ ሰላም በሉ፣ «አባቴ፣ ወደ ይርጋለም የሚወስደው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አዎ ብሎ መመለስ አይቻልም፤ እጅ ይዘረጋል። ቀጥላችሁ «ዛሬ አይሱዙ አልፏል?» በሉ። መኪና ማለፍ አለማለፉን ከእነሱ በላይ የሚነግራችሁ አፕ የለም።

«መጥፋት ማለት የት እንዳለህ አለማወቅ ነው»

ለእኔ አይደለም። አስጊው መጥፋት ነዳጅ፣ ብርሃን ወይም የመመለሻ መንገድ ሲጠፋ ነው። ሌላው መንሸራሸር ነው። ከይርጋለም ወጣ ብሎ በእንሰትና በቡና መሀል ስሙን በማላውቀው ጠጠር መንገድ የነዳሁባቸው ቀናት ከሁሉም ደስ ያሉኝ ናቸው። በዚያ በኩል መሬቱ ወደ ምዕራብ ያዘቀዝቃል፣ የጊዳቦ ወንዝም የሚወርደው ወደ አባያ ሐይቅ ነው። ዋናው አስፋልትም ያለው ወደዚያው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዞ ቁልቁል መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ያወጣል።

የእኛ ደንብ ሁለት ነው። ከአስፋልት ስንወጣ ነዳጁ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፤ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትም ብንሆን እንዞራለን። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ ቶሎ ነው የሚጨልመው። ሰዓቱን ቤት እያለን ነው የምንወስነው፤ መንገድ ላይ ከሆነ «ትንሽ ብቻ እንግባ» የሚል ሰው አይጠፋም።