ከልደት እስከ ሦስት ዓመት፦ በአሜሪካ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ፣ የወላጆች መብትና ወጪው

አሜሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እድገቱ ከዘገየ ድጋፍ እንዲያገኝ የሚያስችል የፌዴራል ሕግ አለ። ኮንግረስ ያወጣው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ «አይዲያ» የተባለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ አንድ ክፍል ሲሆን «ፓርት ሲ» በሚል ይታወቃል። ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና)፣ ፊዚካል ቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና)፣ የመስማት ምርመራ፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ምክርና ሥልጠናም በዚሁ ሥር ናቸው።

ለመጀመር የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። እናት ወይም አባት ራሳቸው ወደ አካባቢያቸው ፕሮግራም መደወል ይችላሉ። ጥያቄው ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ መመርመር አለበት፤ ብቁ ሆኖ ከተገኘም የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ እዚያው ጊዜ ውስጥ ይደረጋል። እኛ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚባክነው ከመደወሉ በፊት ነው። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ይባላል። «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ግራ ገብቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁለት ቋንቋ መስማት በራሱ ንግግርን አያዘገይም። ሦስቱ ዓመት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ምርመራው ግልጽ በሆነ ምክንያት የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መሆን አለበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ውሃ»፣ «ና»፣ «እንቢ» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢጠየቅ ዝም ሊል ይችላል፤ የሚያውቃቸው ቃላት ሳይቆጠሩለት ይቀራሉ። ለወላጅ የሚላክ ማስታወቂያም ወላጁ በሚረዳው ቋንቋ ይጻፋል። በዋሽንግተን ዲሲ ከዚህ በተጨማሪ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙት።

ከምርመራው በኋላ የቤተሰብ አገልግሎት ዕቅድ ይወጣል። በየስድስት ወሩም ይታያል። ወላጅ በዕቅዱ ላይ እኩል ድምፅ አለው። አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ልጁ በሚውልበት ቦታ ይሰጣል። ማኘክ የሚያስቸግረው ልጅ ካለ፣ ባለሙያዋ በምግብ ሰዓት ቤት መጥታ እናቱ ጉርሻውን እንዴት እንደምታለሰልስ ታያለች፤ የልጁ አቀማመጥ እንዴት መሆን እንዳለበትም እዚያው ታሳያለች።

ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ምርመራም አገልግሎትም አይጀመርም። አንዱን አገልግሎት ተቀብሎ ሌላውን መተው ይቻላል፤ የቀረው በዚያ ሰበብ አይቋረጥም። የምርመራው ውጤትና የዕቅዱ ቅጂ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ካልተስማማችሁ ሽምግልና መጠየቅ፣ ለክፍለ ግዛቱ አቤቱታ ማቅረብ ወይም በገለልተኛ ዳኛ መታየት ይቻላል። ጉዳዩ እስኪያልቅ የተስማማችሁበት አገልግሎት ይቀጥላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ምርመራው፣ የቤተሰቡን አገልግሎት የምታስተባብረው ሠራተኛና ዕቅዱን ማዘጋጀቱ የትም ቦታ ነፃ ናቸው። ሌላው በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድና ዲሲ ቤተሰብን አያስከፍሉም። ቨርጂኒያ እንደ ገቢው የቤተሰብ ድርሻ አላት፤ አቅም የለውም ተብሎ ግን ልጅ አይከለከልም። የግል ኢንሹራንስን ለመጠቀም በአብዛኛው ቦታ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት ኮፔይ (ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ) እና የዓመቱ ጣሪያ ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

የፌዴራል መንግሥት በ2023 ለዚህ የመደበው 540 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በየክፍለ ግዛቱ ባሉት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብዛት ነው፤ ስንቱ አገልግሎት እንዳገኘ አይታይም። ብዙ ልጆችን ፈልጎ ያገኘ ክፍለ ግዛት በዚያ ምክንያት ተጨማሪ ብር አያገኝም። ለእኔ የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። የቀረውን ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ)፣ ክፍለ ግዛቱና የአካባቢ አስተዳደሩ ይሸፍናሉ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ፓርት ሲ ያበቃል። ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን ቀደም ብሎ ወላጅ ከፈቀደ የሽግግር ስብሰባ ይደረጋል። ለቅድመ ትምህርት ልዩ ድጋፍ ብቁ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረዳ ይሄዳል፤ እዚያ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ሜሪላንድ ግን ሌላ ምርጫ ትሰጣለች፦ ብቁ የሆነ ልጅ፣ ወላጁ ከፈለገ፣ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ያለው የትምህርት ዘመን እስኪጀምር በቤተሰብ ዕቅዱ መቆየት ይችላል።