የተረሳን የኮሌጅ ሒሳብ በቡድን መልሶ መማር

ኮሌጅ ሳለ ካልኩለስን፣ ማለትም ለውጥንና ድምርን የሚያሰላውን የሒሳብ ክፍል፣ በጥሩ ውጤት ያለፈ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ደብተሩን ሲገልጥ፣ ጽሕፈቱ የራሱ፣ ነገሩ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። የኢንተግራልን ምልክት ያውቀዋል፤ ምን አድርግ እንደሚለው ግን ጠፍቶታል። ይህን የጠፋ ሒሳብ ሦስትም አምስትም ሰዎች ተሰባስበው፣ አስጠኚ ሳይቀጥሩ፣ አንድ መጽሐፍ መርጠው፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተገናኙ መልሰው የሚይዙበት አሠራር አለ። ከክፍል ትምህርት የሚለየው ፈተና ስለሌለው ብቻ አይደለም። የሚመጡት ሁሉ ነገሩን አንድ ጊዜ ያወቁ ሰዎች ናቸው፤ የረሳን ሰው ማስታወስ ደግሞ ጀማሪን ከማስተማር የተለየ ሥራ ነው።

ሰዎቹን የሚያሰባስባቸው ምክንያት ይለያያል። ባለፉት ዓመታት ብዙዎችን የመለሰው ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የሚደረግበት ማሽን ለርኒንግ ነው፤ ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ሞዴሉ ለምን እንደማይማር ሊረዳ ሲሞክር ማትሪክስ፣ ዴሪቬቲቭና ፕሮባቢሊቲ ፊቱ ይቆማሉ። ኢኮኖሚክስ ተምሮ ባንክ ቤት ሲሠራ የቆየ ሰው ማስተርስ ሲያስብ እዚያው ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው የሒሳብ ክፍል ስላለው፣ ከተመረቀ የቆየ ሰው ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃውን ሒሳብ ሳይከልስ አይቀርብም። አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በር ላይ የምደባ ፈተና ሊገጥማቸው ይችላል፤ እዚያ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ሰው ገንዘብና ሴሚስተር ከፍሎ ለዲግሪ የማይቆጠርለትን ሒሳብ ይማራል። ያለ አንዳች ፈተና፣ ያኔ ሳይገባኝ ያለፍኩት ነገር ዛሬ ይግባኝ ብሎ የሚመጣም ሰው አለ። እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው።

መርሳት ምን ያህል ይወስዳል?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሸመደደ፤ ከዚያም መልሶ ለመሸምደድ ከመጀመሪያው ምን ያህል ያነሰ ጊዜ እንደሚፈጅበት ለካ። ከአንድ ቀን በኋላ ከድካሙ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይቆጥብ ነበር፤ ከ31 ቀን በኋላም ቢሆን አንድ አምስተኛውን ቆጠበ። ብዙ ጊዜ ከዚህ ጥናት የሚጠቀሰው ቁልቁል የሚወርደው የመርሳት መስመር ነው። መልሶ ለሚማር ሰው ግን ቁም ነገሩ የተቆጠበው ድካም ላይ ነው። ፈጽሞ የጠፋ የሚመስል ነገር እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ሲማሩት ይቀልላል።

ሒሳብን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሃሪ ባሪክና ሊንዳ ሆል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ነው። ከሺህ የሚበልጡ ሰዎችን፣ አንዳንዶቹን ትምህርት ከጨረሱ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ ፈተኗቸው። ከካልኩለስ በላይ ያሉ ኮርሶችን የወሰዱት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልጀብራቸው ከሞላ ጎደል በእጃቸው ነበር። ከአልጀብራ በላይ ያልሄዱት ግን በግምት ከሚመልስ ሰው ብዙም የማይሻሉበት ደረጃ ደርሰው ተገኙ። ጎበዝ መሆን አለመሆን፣ ያኔ ኤ ወይም ሲ ማምጣት፣ በመርሳቱ ፍጥነት ላይ ያመጣው ለውጥ ኢምንት ነበር። ለዓመታት ደጋግሞ የተጠቀመበት ያዘው፤ ለፈተና ብቻ የቸከለ ለቀቀው። ይህ ለሚያፍር ሰው ታላቅ ዜና ነው፤ የረሳው ሰነፍ ስለነበር አይደለምና።

ከዚሁ ጥናት የሚገኝ ሌላም ነገር አለ። አልጀብራን ያቆየው አልጀብራን መከለስ አልነበረም፤ በላዩ ሌላ ነገር መገንባት ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ካልኩለስ ከመግባቱ በፊት አልጀብራውን በሙሉ ልጨርስ ቢል ይሳሳታል። ወደ ፊት እየሄዱ፣ ሲደናቀፉ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል።

የሚሰበረው ከታች ነው

ሰዎች «ካልኩለስ ረሳሁ» ይላሉ። አብረው ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የካልኩለሱ ሐሳብ በሁለት ሳምንት ይመለሳል፤ መልሱን የሚያበላሹት ክፍልፋይ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪና የስኩዌር ሩት ሕግ ናቸው። የድምር ሩት የሩቶች ድምር ነው የሚለው ስሕተት ለምሳሌ በጣም የተለመደ ነው። 9 እና 16 ተደምረው 25 ይሆናሉ፣ ሩቱም 5 ነው፤ የየብቻቸው ሩት ግን 3 እና 4፣ ድምራቸውም 7 ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው ይህን ስሕተት ገጽ ሙሉ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ጓደኛ ያለው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ «ቆይ እስቲ» ይባላል።

ሁለተኛው ስብራት ሕጉ ቀርቶ ምክንያቱ መጥፋቱ ነው። የአንድ ቁጥር ካሬ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ቁጥሩ ጥቂት ሲጨምር ካሬው የሚለወጥበት ፍጥነት፣ የቁጥሩ ሁለት እጥፍ መሆኑን ብዙ ሰው አይረሳም፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። መልሱ በእጅ የሚሰላ ነው። የ3 ካሬ 9 ነው፤ የ3.1 ካሬ 9.61። ልዩነቱ 0.61 ለ0.1 ሲካፈል 6.1 ይመጣል። በ3.01 ሲሞክሩት 6.01፣ በ3.001 ደግሞ 6.001 ይሆናል። ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያየዋል። እነዚህን ሦስት መስመሮች በራሱ እጅ ያሰላ ሰው ሕጉን ሁለተኛ ጊዜ አይሸመድደውም።

ቡድኑ የሚሠራውና የማይሠራው

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ከየትምህርት ቤታቸው በከፍተኛ ውጤት የመጡ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን ይወድቃሉ? መምህራኑ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው ብለው ነበር። እርሱ 20 ጥቁር እና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎችን ተከታትሎ ግምቶቹ ሁሉ የማይቆሙ ሆነው አገኛቸው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች የተባሉትን ሰዓት ያህል፣ በሳምንት 8 ሰዓት ገደማ፣ በርን ዘግተው ብቻቸውን ያጠኑ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ግን 14 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ከሠሩ በኋላ ማታ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን መልስ ይመረምራል። ትራይስማን ከዚህ ተነሥቶ ያቋቋመው ወርክሾፕ ማጠናከሪያ ትምህርት አልነበረም። ከክፍሉ ይልቅ የከበዱ ጥያቄዎችን በቡድን ማሠራት ነበር፤ የተማሪዎቹም ውጤት በግልጽ ተሻሻለ።

ይህን ታሪክ ሰዎች «በቡድን ማጥናት ይጠቅማል» ብለው ያሳጥሩታል፤ በእኔ እምነት ዋናው ነጥብ እዚያ ላይ ይወድቃል። እነዚያ ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን አልተገናኙም። አስቀድመው ብቻቸውን ታግለዋል፤ ወደ ቡድኑ ይዘውት የመጡት የተቋረጠ መፍትሔና እርግጠኛ ያልሆኑበትን መስመር ነው። ሳይሞክሩ የሚገናኙበት ቡድን ከወር በኋላ አንዱ ጎበዝ የሚያስረዳበት፣ ሌሎቹ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ክፍል ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መሪ ተብሎ የተመደበው ልጅ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ማስረዳቱ የሚጠቅመው በዋናነት የሚያስረዳውን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን የሚያስቀጽለው ለታናሹ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ የራሱም ቀለም በዚያ ይጸናል።

ሁሉም በዚህ አይስማማም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ሮበርት ሊ ሙር ተማሪዎቹ መጽሐፍ እንዳያነቡና እርስ በርስ እንዳይመካከሩ ይከለክል ነበር፤ እያንዳንዱ የተሰጠውን የሒሳብ ሐሳብ ማረጋገጫ ብቻውን አግኝቶ ሰሌዳው ላይ በሁሉ ፊት ያቀርባል። ከእጁ ታዋቂ የሒሳብ ሰዎች ወጥተዋል። የእርሱ ክልከላ ለሥራና ለቤተሰብ ላደረ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ሰሌዳው ግን ሊወረስ ይገባል። ተራ የደረሰው ሰው ደብተሩን ዘግቶ ይቆማል፣ ይጽፋል፣ እየጻፈ ይናገራል። ከማስታወሻ መገልበጥ አይፈቀድም፤ ከጭንቅላት ለማውጣት መታገል ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ የበለጠ እንደሚያጸና በብዙ ሙከራ የታወቀ ነው።

ያለ መምህር ተሰባስቦ የመማር ልማድ ራሱ ከሒሳብ የሰፋ ታሪክ አለው። በስዊድን ኦስካር ኦልሶን እ.ኤ.አ. በ1902 ሉንድ ከተማ ውስጥ፣ መጠጥን በሚቃወም ማኅበር ሥር የጥናት ክበብ ጀመረ፤ ልማዱም በአገሪቱ ሠራተኞችና ገበሬዎች ዘንድ ተስፋፋ። ለሒሳብ ግን መንገዱን የከፈተው ነፃ ትምህርት ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያ ለዓለም ሁሉ በነፃ እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በ2001 አስታወቀ፤ የጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት ከእነዚያ ውስጥ እጅግ ከታዩት አንዱ ሆነ። ቪዲዮ አብሮ ማየት ግን የቡድን ጥናት አይደለም። የሚታየው ቤት ይታይ፤ ስብሰባው የጥያቄ ነው።

ስለ አካሄዱ ጥቂት ልጨምር። ከሦስት ሲያንስ አንድ ሰው በቀረ ቁጥር ይፈርሳል፤ ከስድስት ሲበልጥ ዝም የሚሉ ይበዛሉ። ከመጽሐፉ ምርጫ ይልቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መያዛቸው ይጠቅማል፤ መልስ ከኋላ ያለው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ቡድን የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ክብደት ሲበዛበት ሳይሆን አንዱ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሲያፍር ነው፤ ስለዚህ ያልሠራም ሰው ይምጣ የሚል ስምምነት ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ። ለሰሌዳ ከሚመረጡ ጥያቄዎች ውስጥ ደግሞ የትዝታን ውሸት የሚያጋልጡት ይበልጣሉ። ለምሳሌ አንድ፣ ሲደመር አንድ ሁለተኛ፣ ሲደመር አንድ ሦስተኛ እያለ የሚቀጥለው ድምር ወሰን አለው? ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ ስለሚያንሱ አለው የሚል ሰው አይጠፋም። ድምሩ 10ን የሚያልፈው 12,367ኛው ቁጥር ላይ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ተደምረውም 15 አይሞሉም። ሆኖም ወሰን የለውም። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ አብረው ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት አራቱም እንዲሁ፤ ግማሽ በግማሽ ላይ ያለ ማቋረጥ ይደመራል።

በየትኛው ቋንቋ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች ሲሰባሰቡ ግን ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ ይሆናል፤ «ይሄን ፋንክሽን ዲፈረንሺየት ስናደርገው» ይባላል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ እንደ ትልቅ ዕድል ነው የማየው፤ በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ትርጓሜ ሳይገባ አፍ ላይ ሊያልፍ ይችላል፣ በአማርኛ ሲነገር ግን ስሕተቱ ወዲያው ይሰማል።

ሊሚትን፣ ማለትም አንድ ፋንክሽን የሚያመራበትን ቁጥር፣ እንውሰድ። በአማርኛ አስረዳ የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይደርስም» ይላል። ጥሩ ይመስላል። ከዚያ አንዱ ይጠይቃል፦ ሁልጊዜ 5 የሆነ ፋንክሽንስ? ሊሚቱ 5 ነው፣ 5 ላይም ነው ያለው። ሌላው ደግሞ እየተወዛወዘ ኃይሉ የሚደክም ፔንዱለም ያነሣል፤ ወደ መሐል እየተጠጋ ሲሄድ መሐሉን ደጋግሞ ያልፈዋል። «አይደርስም» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ይጠፋል። በምትኩ ምን እንጻፍ የሚለው ክርክር ሁለት ስብሰባ ሊፈጅ ይችላል፤ መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ የሚቀረው «የፈለግኸውን ያህል ጠባብ አጥር ብታጥርበት፣ ከሆነ ቦታ ወዲያ ከአጥሩ አይወጣም» የሚል ይሆናል። መጽሐፉ ኤፕሲሎንና ዴልታ በሚባሉት የግሪክ ፊደላት የጻፈውም ይኸው ነው።